ልጆች የሠፈራቸውን ታሪክ በእጃቸው ይዳስሱት

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ስለ ሩቅ አገር ቢሆንም፣ በተወለዱበት ሠፈር እየኖሩ ሠፈራቸውን ለማያውቁ ልጆችም የሚስማማ ሆኖ ይገኛል። በልደታ ኮንዶሚኒየም ቤቶች በአንዱ የሚኖር የአሥር ዓመት ልጅ፣ አክሱም የት እንደሚገኝና የአድዋ ጦርነት በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተደረገ ቢጠየቅ ሳያመነታ ይመልስ ይሆናል። ይሁን እንጂ «የምትኖርበት ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት እዚህ ቦታ ላይ እነማን ይኖሩ ነበር? ውኃ ከየት ይቀዱ ነበር? አያትህስ በስንት ዓመታቸው ወደዚህ ሠፈር መጡ?» ቢባል ወደ እናቱ ፊት መመልከቱ አይቀርም። እናትየውም ብትሆን ለሁሉም መልስ ይኖራታል ማለት አይቻልም።

ይህ የልጁ ጥፋት አይደለም። ቀደም ሲል የሠፈር ታሪክ ማንም ሳያስተምረው ይታወቅ ነበር። ልጁ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ሲሾልክ፣ ቡና ሲፈላ ከእናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ፣ ለአያቱ እንዝርት ሲያቀብል ሳይታወቀው ይማረው ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን የልደታ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው በምትካቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ትልልቅ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ብዙ ቤተሰብ የተሻለ ቤት አግኝቷል። በሌላ በኩል ደግሞ በዕድርና በዕቁብ ለዓመታት ተሳስሮ የኖረው ጎረቤት ወደየአቅጣጫው ተበትኗል። ከሰው ጋር ዕቃውም ተበትኗል። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ወፍጮ አይወጣም፤ ሙቀጫ ቢወቀጥ የታችኛው ጎረቤት ይታወካል። ስለዚህ እንስራው ተሰበረ፣ የከሰል ካውያው ለቆራሌ ተሸጠ፣ አያት ያመጡት መሶብ አልጋ ሥር ተወርውሮ ብል በላው። ዕቃው ሲሄድ ስሙም አብሮት ይሄዳል። ዛሬ መጅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የከተማ ልጅ ስንት ይገኛል?

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን ሊነጋገሩበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። ታሪክን በቃል ከማስጠናት አልፈን፣ ልጆች በዓይናቸው እያዩ፣ በእጃቸው እየዳሰሱና እየሠሩ እንዲያውቁት ለማድረግ ምን እናድርግ?

ከመስተዋቱ ወዲያና ወዲህ

በአዲስ አበባ ተማሪዎች ሙዚየም መጎብኘታቸው አዲስ ነገር አይደለም። አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም የደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች በሰልፍ ሲገቡ ማየት የተለመደ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር በተባለው ቦታ የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ዘንድ ሲደርሱ ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። እዚያው የሰላም ታሪክም አለ። ሰላም በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራ ቡድን ያገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የሞተች ሕፃን ናት። ታናሽ እኅት ያለው ልጅ ይህን ሲሰማ ቁጥሩን ቢረሳ እንኳ የሦስት ዓመቷን ሕፃን አይረሳም።

ሌላም አለ። በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያደራጀው ሙዚየም የሕዝባችንን ዕቃዎች ያሰናዳው በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ቅደም ተከተል ነው። ከልጅነት ይጀምራል፣ ወደ ጉልምስና ያልፋል፣ በሞትና ከሞት በኋላ ባለው እምነት ይደመድማል። ይህ አደራደር ለልጆች የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ጉብኝቱን የሚጀምረው ከራሱ ዕድሜ ነው። የአዲስ አበባ ሙዚየምም በ1979 ዓ.ም. የከተማዋ መቶኛ ዓመት በተከበረበት ወቅት በመስቀል አደባባይ፣ የራስ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ሲቋቋም ዓላማው የከተማዋን ታሪክ ለነዋሪዋ ማሳየት ነበር። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያም ለተማሪዎች ሰፊ የጉብኝት ቦታ ሆኗል።

ይሁንና አብዛኛው ጉብኝት የሚፈጸመው በመተላለፊያው ላይ በመራመድ ነው። አስጎብኚው ይናገራል፣ ልጆቹ ይሰማሉ፣ ከኋላ ያሉት አይሰሙም፣ መምህሩ «አትንኩ!» ይላል። በዚህ አስጎብኚውንም ሆነ መምህሩን መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ዕቃው አንድና ብቻውን ስለሆነ ከተሰበረ አይተካም። የብዙ ልጅ እጅ ላብና ቅባት ብራናን፣ ጨርቅንና ብረትን እንደሚጎዳም የታወቀ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ የሚታየው የድንቅነሽ አፅም ቅጂ ነው፤ እውነተኛው አፅም በጥንቃቄ ተቀምጧል። ቅጂው ለዓይን ካገለገለ፣ ሌላ ቅጂ ለእጅ የማያገለግልበት ምክንያት የለም። በዚህ ላይ ወፍጮ፣ እንዝርት፣ ወስፌና ጀበና እንደ ድንቅነሽ አንድ ብቻ አይደሉም። ዛሬም ከገበያ የሚገዙ፣ በየቤቱም የሚገኙ ናቸው። እንግዲህ ብርቁ ዕቃ ከመስተዋቱ ወዲያ ይቀመጥ፤ ተራው ዕቃ ከመስተዋቱ ወዲህ፣ በልጆች እጅ ይግባ።

ይህ አሠራር በሌላው ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በስዊድን ርዕሰ ከተማ ስቶክሆልም አርቱር ሀሴሊዩስ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 ስካንሰን የተባለውን ሙዚየም ሲከፍቱ፣ ከየአውራጃው የገበሬ ቤቶችን አስነቅለው አምጥተው በሜዳ ላይ ተከሉ፤ በቤቶቹም ውስጥ የጥንቱን ሥራ ሲሠሩ የሚታዩ ሰዎችን አኖሩ። በአሜሪካ ብሩክሊን እ.ኤ.አ. በ1899 ለልጆች ብቻ የሚሆን ሙዚየም ተከፈተ። በቦስተንም እ.ኤ.አ. በ1913 ሌላ ተከተለ። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፤ ልጅ የሚማረው በዓይኑና በጆሮው ብቻ ሳይሆን በጣቶቹም ጭምር ነው የሚል ነው።

ልደታ ራሷ ምን ትናገራለች?

የሠፈር ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን «እኛ ዘንድ ምን ታሪክ አለ?» እንላለን። ልደታ ግን በዚህ አትታማም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከሜክሲኮ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲሄድ የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች ስም ብቻ ብንወስድ አንድ ሙሉ የትምህርት ሰሌዳ ይወጣቸዋል፤ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ፣ ኮካ፣ ጦር ኃይሎች።

ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከወዳጅነት ነው። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ኢትዮጵያ አደባባይ ስትሰይምላት፣ ሜክሲኮም በርዕሰ ከተማዋ ለኢትዮጵያ መታሰቢያ አኑራለች። እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተ አንድ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዋ «ኢትዮጵያ» ይባላል፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ ጣቢያ ላይ ባቡር የሚጠብቅ የልደታ ልጅ፣ በሌላው የዓለም ዳርቻ «ኢትዮጵያ» ጣቢያ ላይ ባቡር የሚጠብቅ ልጅ መኖሩን ቢያውቅ ደስ አይለውም?

ተግባረ ዕድ ደግሞ ከነፃነት መመለስ በኋላ የተቋቋመውና ወጣቶች የእጅ ሙያ የተማሩበት አንጋፋ ትምህርት ቤት ነው። ሰንጋ ተራ ስሙ ራሱ የከብት ገበያን ያስታውሳል። የባልቻ ሆስፒታል የተሰየመው በአድዋ በመድፈኛነታቸው ዝናን ባተረፉት፣ በኋላም በፋሽስት ወረራ ጊዜ በስተርጅናቸው ሲዋጉ በወደቁት በደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ስም ነው። ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1947 የከፈተው የሶቭየት ቀይ መስቀል ነበር። ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅጣጫ ብንዘልቅም፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የቆመውን የትግላችን ሐውልት እናገኛለን።

ከሁሉም በላይ ለልጆች የሚያስገርመው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደርጓል። አውሮፕላኑ ዳግላስ ሲ 47 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር ነበር። በእነዚያ ዓመታት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የቦሌው ሥራ እስኪጀምር ድረስ ከርዕሰ ከተማዋ ወደ ውጭ የሚበር ሰው የሚነሣው ከዚህ ሠፈር ነው። ዛሬ ልጆች በቴሌቪዥን የሚያዩትን ትልቅ አየር መንገድ፣ «መጀመሪያ የተነሣው ከእኛ ሠፈር ነው» ብለው ቢናገሩ ኩራታቸው ተገቢ ነው።

የእናቶች ድርሻ

እስካሁን የጠቀስነው የአደባባዩ ታሪክ ነው። በመጽሐፍም የሚጻፈው ይኸው ነው፤ ጦርነት፣ ሹመት፣ ሕንፃ። የቤት ውስጥ ሥራ፣ በተለይም የሴቶች ድካም፣ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው። አዲስ አበባን ለመኖሪያነት የመረጡት እቴጌ ጣይቱ ስማቸው ቢነሣም፣ ለዚያ ሁሉ ሠራዊት ጤፉን ፈጭተው፣ ድርቆሹን አዘጋጅተው፣ ልብሱን ፈትለው ያቀረቡት ሴቶች ስም አይነሣም። ስማቸውን መልሰን ባናገኘው እንኳ ሥራቸውን ለልጆች ማሳየት እንችላለን። በዚህ ረገድ ከማንም ይልቅ ዕውቀቱ ያለው በእናቶችና በአያቶች እጅ ነው።

ጥጥን እንውሰድ። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያም ወደ ሸማኔ ሄዶ ጥበብና ጋቢ ይሆናል። አንዲት ተማሪ እንዝርት ይዛ ለመፍተል ብትሞክር ክሩ በመጀመሪያው ስንዝር ላይ ይበጠስባታል። ሁለተኛም ይበጠስባታል። ለአንድ ቀሚስ ስንት ልቃቂት እንደሚያስፈልግ አያቷ ሲነግሯት፣ በበዓል ቀን የምትለብሰውን ነጭ ልብስ ከዚያ በኋላ በቀላሉ መሬት ላይ አትጥለውም። ስፌትም እንደዚሁ ነው። ስንደዶውና አክርማው በየትኛው ወር እንደሚለቀም፣ አለላው በምን እንደሚነከር፣ ወስፌ ሲይዙ ጣት እንዳይወጋ ምን እንደሚደረግ የሚያውቁ እናቶች ገና በመካከላችን አሉ። ነገ ግን አይኖሩም።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ በግልጽ መነገር አለበት። ዓላማው ሴት ልጅን ወደ ወፍጮ መመለስ አይደለም። ወፍጮ የስንት እናት ወገብ እንዳጎበጠ፣ የስንት ልጃገረድ የትምህርት ሰዓት እንደበላ እናውቃለን። እንዲያውም ይህን ለማስረዳት ወፍጮን ከመግፋት የበለጠ ትምህርት የለም። ወንዱም ሴቷም ተማሪ ተንበርክከው፣ መጁን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንዲት እፍኝ ጤፍ ለአሥር ደቂቃ ይፍጩ። ክንዳቸው ይዝላል፣ ዱቄቱ ግን የአንዲት እንጀራ ሊጥ አይሞላም። በዚያን ጊዜ መምህሩ «ለስምንት ሰው ቤተሰብ በየሳምንቱ ይህን የምትፈጭ እናት መቼ ትማር ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ከልጆቹ ይሰማዋል። ወንድ ልጅም የእናቱንና የእኅቱን ሥራ ማክበር የሚማረው በዚህ ዓይነት ነው።

ከአንድ ትምህርት ቤት ምን ይጠበቃል?

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሃምሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ልጆቹን በአሥር በአሥር ከፍሎ አምስት ማዕዘን ማዘጋጀት ይቻላል። በአንደኛው ማዕዘን ወፍጮና ሙቀጫ፣ በሁለተኛው ጥጥና እንዝርት፣ በሦስተኛው ስፌት ይሁን። በአራተኛው ኩራዝ፣ ፋኖስና የከሰል ካውያ ይቀመጡ፤ መብራት ከመግባቱ በፊት የቤት ሥራ እንዴት ይሠራ እንደነበር ይነገርባቸዋል። በአምስተኛው ሚዛንና የቆየ ገንዘብ ቢገኝ መልካም ነው። በብዙ ቤት በማኅደር የሚቀመጠው ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ እስኪወጣ ድረስ በገበያችን ይሠራበት ነበር። ልጆቹ ጠገራውን ከዛሬው አንድ ብር ሳንቲም ጋር በእጃቸው እያመዛዘኑ ልዩነቱን ይመልከቱ። በየማዕዘኑ ሃያ ደቂቃ ቢቆዩ ጠቅላላው ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው።

በየማዕዘኑ አንዲት እናት ወይም አያት ትቀመጥ። መምህሩ ያስተባብር እንጂ አስተማሪዋ እርሷ ትሁን። ወፍጮው ከባድ ስለሆነ ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት ካልተቻለ ልጆቹ ወዳለበት ቤት ይሂዱ። ዕቃ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ፤ ሸክላ የሚይዙት ተቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው፣ ከሥሩ ሰሌን ተነጥፎ ይሁን። ወስፌና መዳመጫ ያለ አዋቂ አይነኩ።

ከዚህ በኋላ የሠፈር ጥየቃ ይከተላል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ አረጋዊ መርጦ ጥቂት ጥያቄ ይጠይቅ። ወደዚህ ሠፈር መቼና ከየት መጡ? ውኃ የሚቀዱት ከየትኛው ቦኖ ነበር? ወፍጮ ቤቱ የት ነበር? ልጅ ሳሉ ምን ይጫወቱ ነበር? አውሮፕላን ሲነሣ ያዩ ነበር? መልሱ ከነተናጋሪው ዕድሜና ከተጠየቀበት ቀን ጋር በደብተር ይጻፍ። ሃምሳ ልጅ ሃምሳ ደብተር ቢያመጣ፣ ከዚያ የሚገኘው የልደታ ታሪክ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት የለም። የልጆቹን ካርታም ማከል ይቻላል፤ አያቶች በነገሯቸው መሠረት የፈረሰውን መንደር መንገድ፣ ሱቅ፣ ቦኖና ዛፍ በወረቀት ይሥሉታል።

ሙዚየም የሚጎበኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ፈትሎ ያየ ልጅ በመስተዋት ውስጥ ያለውን ጥልፍ ቀሚስ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም፤ «ይህን ክር ማን ፈተለው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቅ ልጅ ደግሞ ለአስጎብኚውም ደስታ ነው።

«ጊዜ ከየት ይመጣል?»

ይህን ሐሳብ የሚሰሙ አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ፈተና አለበት፤ እንዝርት ምን ያደርግለታል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በትምህርቱ ውስጥ አለ። ጠገራ ሲመዝን ሒሳብ ይሠራል፣ አያቱን ጠይቆ ሲጽፍ አማርኛ ያጠናል፣ ካርታ ሲነድፍ ጂኦግራፊ ይማራል። በቃል የሸመደደውን ከፈተና ማግሥት ይረሳዋል፤ ክንዱን ያዛለውን ወፍጮ ግን ሽማግሌ እስኪሆን ያስታውሰዋል።

ሌሎች ደግሞ «አሮጌ ዕቃ ቤት ያጣብባል» ይላሉ። እውነት ነው፣ የጋራ ቤት ጠባብ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከመጣል ወይም በርካሽ ከመሸጥ በፊት ለልጆቹ ትምህርት ቤት ወይም ለሙዚየም ማሳየት ይበጃል። ዕድሜ ጠገብ መጽሐፍ፣ መስቀል ወይም የብር ጌጥ ያላቸው ቤተሰቦችም፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል መሆኑን ማወቅ አለባቸው። በር ላይ የሚጣራ ገዢ የሚሰጠው ጥቂት መቶ ብር በሳምንት ያልቃል፤ የሄደው ዕቃ ግን አይመለስም።

ለመጀመር ደግሞ የተሻለ ወር መጠበቅ አያስፈልግም። ሠፈሩ ስሙን ያገኘበት የግንቦት ልደታ በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ይከበራል። በዚያን ቀን ጎረቤት ከቤት ወጥቶ፣ ደጅ ላይ ተሰብስቦ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ዳቦ ቆርሶ፣ ቡና አፍልቶ በአንድነት ይቀምሳል። ከውጭ የሚበላው፣ እመቤታችን የተወለደችው እናትና አባቷ ከቤታቸው ርቀው በሊባኖስ ተራራ ሳሉ ነው ከሚለው ትውፊት የተነሣ መሆኑን ለልጆች የሚነግሩ አያቶች ናቸው። በጎረቤትነት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ ንፍሮውን አብሮ ይቆረጥማል። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ግንቦት 10 ቀን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የሚከበረው የሙዚየም ቀን ይውላል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ አንድ ክፍል ተማሪዎች አያቶቻቸውን ለመጠየቅ፣ ዕቃ ለመሰብሰብና አምስቱን ማዕዘን ለማዘጋጀት ይበቃል።

እናቶች ሆይ፣ እናንተም ከዚያ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ዛሬ ማታ አልጋ ሥር ያለውን መሶብ አውጡና አቧራውን አራግፉት፤ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ማን እንደሰፋው፣ ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ሠርግ ላይ እንደቀረበ ንገሩት። ከዚያም በእጁ አስይዙት።